ባለመድኃኒቱ ከመስኮቱ በስተኋላ፦ ፋርማሲስትና አስታማሚ ባገራችን ስለ ተለያዩበት ታሪክ

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣኝ አያቴ ከራስጌያቸው የማይለዩት አንድ ፌስታል ነው። አያቴ የሚኖሩት በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ከእናቴ ጋር ነው። ዕድሜያቸውን ሲጠየቁ ሰባ ስምንት ይላሉ፤ እናቴ ግን ከሰማንያ አልፈዋል ባይ ናት። በፌስታሉ ውስጥ አምስት ዓይነት መድኃኒት ነበር። ለደም ግፊት ከጤና ጣቢያ የታዘዘላቸው ኢናላፕሪል፣ ቆይቶ የተጨመረው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ለጉልበታቸው ቁርጥማት ከአንድ መድኃኒት መደብር ያለ ማዘዣ የተገዛ ዳይክሎፌናክ፣ ሆዳቸውን ባቃጠላቸው ጊዜ አንድ የግል ክሊኒክ ያዘዘው ኦሜፕራዞል፣ በመጨረሻም ግፊቱ አልወርድ ስላለ የታከለው አምሎዲፒን ናቸው።

እነዚህን መድኃኒቶች የሰጡት ሰዎች እያንዳንዳቸው የቀረበላቸውን ሕመም ለማስታገሥ ሞክረዋል። ይሁን እንጂ ዳይክሎፌናክ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ጨጓራንም ያቆስላል፤ ከኢናላፕሪልና ከሃይድሮክሎሮታያዛይድ ጋር ባንድነት ሲወሰድ ደግሞ፣ በተለይ በሸመገለ ሰው፣ ኩላሊትን ይጎዳል። እንግዲህ አራተኛውና አምስተኛው መድኃኒት የታዘዙት ሦስተኛው ላመጣው ጣጣ ሳይሆን አይቀርም። ይህን ለመረዳት ታላቅ ምርምር አያሻም፤ የፋርማሲ ተማሪ ሁሉ በፈተና የሚጠየቀው ነው። ታዲያ ይህን ያወቀው ሰው አምስቱ መድኃኒቶች በሚገናኙበት በአያቴ አልጋ አጠገብ ስለ ምን አልተገኘም?

የታሪክ ተማሪ እንደ መሆኔ ጥያቄውን በታሪክ በኩል ልይዘው እሞክራለሁ። የምደርስበትም ሐሳብ ይህ ነው፤ ፋርማሲስቱ ከአስታማሚዎች ጓድ ተለይቶ ከመስኮት በስተኋላ የቀረው በስንፍናው ወይም በዕውቀት ማነስ ሳይሆን፣ ባገራችን ዘመናዊ ሕክምና ሲደራጅ ቦታው እዚያ ስለ ተሠራለት ነው። አንባቢን እንዳያደናግር፣ ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በቀድሞው ዘመን ባገራችን የታመመ ሰው የሚታከመው በቤቱ ነበር። በአልጋው ዙሪያም ሁለት ዓይነት ሰው ይገኛል፤ አንዱ አስታማሚ ሲሆን ሁለተኛው መድኃኒተኛ ነው። አስታማሚነት የቤተሰብ፣ ይልቁንም የሴት ልጅና የምራት ሥራ ነበር። ጧሪ ቀባሪ የሌለው ሰው ደግሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ይጠጋል። መድኃኒተኛው ተጠርቶ ይመጣል፤ ሕመምተኛውን አይቶ፣ ቅጠሉን ወይም ሥሩን ወቅጦ፣ በማር ወይም በጠላ አዋሕዶ፣ ራሱ አጠጥቶ ይሄዳል። የዚህ ሙያ ዕውቀት ከፊሉ በቃል ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው፤ ከፊሉም በግዕዝና በአማርኛ በተጻፉ የመድኃኒት መጻሕፍት ተመዝግቧል። ከእነዚህም ጥቂቶቹን ፖላንዳዊው ሊቅ ስቴፋን ስትሬልሲን ተርጕሞ በ1968 እና በ1973 በሁለት ቅጽ አሳትሟቸዋል።

ከሁሉ ይልቅ ለኛ ጉዳይ የሚጠቅመው የኮሶ ነገር ነው። ኮሶ ለማጠጣት መድኃኒተኛ አይጠራም፤ የቤት ሙያ ነበር። ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሕዝብ በየሁለት ወሩ ያህል ኮሶ ይጠጣል፤ ኮሶ የጠጣም ሰው ያን ዕለት ከሥራ ነፃ ነው፤ ጌታውም ቢሆን ሊከለክለው አይችልም። የቤቱ እመቤት መጠኑን፣ ሰዓቱን፣ ከጠጡ በኋላ ምን እንደሚበላ ታውቃለች፤ ለነፍሰ ጡር እንደማይሰጥም ታውቃለች። ባጭሩ፣ ዛሬ የፋርማሲ ትምህርት ቤት በአምስት ዓመት የሚያስተምረው ነገር መሠረቱ፣ ማለት መጠን፣ ጊዜና ለማን እንደማይገባ፣ ላንድ መድኃኒት ብቻ ቢሆንም በጓዳ ይታወቅ ነበር። በቁስጥንጥንያ የነበረው ፈረንሳዊ ሐኪም ብራዬር የኮሶን ነገር ወደ አውሮፓ ካደረሰ በኋላ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ የመድኃኒት መጻሕፍትም ውስጥ ገብቷል።

ይህን ስል የድሮውን ለማመስገን ብቻ አይደለም። መድኃኒተኛው ምሥጢረኛ ነበር። የቅጠሉን ስም አይናገርም፤ ሌላ ሰው እንዳያውቅበት ፈጭቶ ያቀርበዋል፤ ዕውቀቱንም ላንድ ልጁ ብቻ ያወርሳል። ሁለት መድኃኒተኞች ላንድ በሽተኛ ቢጠሩ አንዱ የሰጠውን ሌላው አያውቅም ነበር። አያቴ ዛሬ ለክሊኒኩ ሐኪም የጤና ጣቢያውን ኪኒን አለማሳየታቸው ከዚህ ልማድ የወረሱት ይሆን ብዬ አንዳንድ ጊዜ አስባለሁ።

ዘመናዊው ሕክምና ሲገባ መድኃኒትና አልጋ ተለያዩ። ከዓድዋ ድል በኋላ በ1896 የሩሲያ ቀይ መስቀል ጓድ ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ በ1910 ገደማም የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተቋቋመ። በዚያው ዘመን የጆርጂያ ተወላጅ የሆነው ዶክተር ሜራብ በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን ዘመናዊ መድኃኒት ቤት ከፈተ፤ በአገሩም ስም ሰየመው። ይኸው ሰው ስለ ምኒልክ ዘመን ኢትዮጵያ በፈረንሳይኛ የጻፈው ባለ 3 ቅጽ መጽሐፍ ከ1921 እስከ 1929 ታትሟል። ልብ ልንለው የሚገባን፣ ሜራብ ሐኪምም ባለ መድኃኒት ቤትም መሆኑን ነው። አዛዡም ሻጩም አንድ ሰው ነበር። በአውሮፓ ግን ዐፄ ፍሬዴሪክ 2ኛ በሲሲሊ መንግሥቱ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ባወጣው ሕግ ሐኪምና መድኃኒት ቀማሚ በጥቅም እንዳይገናኙ ከለከለ። አንዱ አዞ ሌላው ሲሰጥ አንዱ የሌላውን ይመለከታል፤ ስሕተትም ይቀንሳል ተብሎ ይታመናል። እኛ አገር የመጣው ግን መለያየቱ እንጂ መተያየቱ አልነበረም።

በሆስፒታሎችና በሚሲዮን ክሊኒኮች ለብዙ ዘመን መድኃኒት ይሰጥ የነበረው ድሬሰር ወይም ነርስ ነው። እኔ በተማርኩበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የነበሩት ሲስተር እንኳ መርማሪም፣ መርፌ ወጊም፣ ኪኒን ቆጣሪም እሳቸው ነበሩ። ኪኒኑን በወረቀት ጠቅልለው ሲሰጡን «ትናንት ምን ዋጥህ?» ብለው ሳይጠይቁ አይለቁንም። አንድ ሰው ሁሉን ሲሠራ ዕውቀቱ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን አይበታተንም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። በ1953 በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ 7,000 ያህል ሕዝብ ፈጀ። ይህ እልቂት ካስከተላቸው ነገሮች አንዱ በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ መከፈት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ ፖይንት ፎር ኮሌጁን ረድተውታል። ኮሌጁ ያሠለጠናቸው ሰዎች የጤና መኮንን፣ የኮሙኒቲ ነርስና ሳኒቴሪያን ነበሩ። ሐሳቡ ለዘመኑ እጅግ የሠለጠነ ነበር ማለት ይቻላል። ሦስቱ ባንድ ግቢ ይማራሉ፤ ባንድነት ወደ ጤና ጣቢያ ወጥተው ይለማመዳሉ፤ ከዚያም ባንድነት ወደ ጠቅላይ ግዛቱ ይላካሉ። ያንዱ ሥራ የት አልቆ የሌላው የት እንደሚጀምር ገና ተማሪዎች ሳሉ ይተዋወቁበታል። ዛሬ «የጤና ቡድን» የምንለው ነገር ባገራችን በመልክ በመልክ የተደራጀው ያኔ ነው ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

በዚህ ጓድ ውስጥ ፋርማሲስት የለም።

ምክንያቱን ለመገመት አያስቸግርም። ያን ጊዜ ባንድ የጤና ጣቢያ የሚገኘው መድኃኒት በጣት የሚቆጠር ነበር፤ በሽታውም በአብዛኛው ወባ፣ ተቅማጥ፣ ትላትልና ቁስል ነው። ለዚህ ሁሉ አንድ ድሬሰር ይበቃል ተብሎ ይሆናል። ዕድሜው ገፍቶ፣ ሦስት የቆዩ በሽታዎች ይዞ፣ አምስት ዓይነት ኪኒን በየቀኑ የሚውጥ ሰው ደግሞ ያኔ ብርቅ ነበር። የጎንደር መሥራቾች ያልታያቸው ነገር ገና ያልመጣ ነገር ነውና አልወቅሳቸውም።

ሰባት ዓመት ቆይቶ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በተመሠረተበት በ1961፣ የፋርማሲ ትምህርት በአዲስ አበባ ተጀመረ። የተጀመረው ግን በሳይንስ ፋኩልቲ ሥር፣ ከኬሚስትሪና ከባዮሎጂ ጋር ነው። የሕክምና ፋኩልቲ ከዚያ ጥቂት ዓመት ዘግይቶ ተቋቋመ። እንግዲህ የጤና ጓዱ የተማረው በጎንደር ነው፤ ፋርማሲስቱ የተማረው ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በአዲስ አበባ ነው። ወጣቱ ፋርማሲስት ስለ መድኃኒቱ ባሕርይ፣ ስለ ቅመማው፣ ስለ ንጥረ ነገሩ አጥብቆ ተማረ፤ ሕመምተኛውን ግን የሚያገኘው ከተመረቀ በኋላ፣ ማዘዣ ይዞ በመስኮት ሲመጣ ነው። ትምህርት ቤቱ ጥሩ ኬሚስቶች አፍርቷል፤ ይህን ማቃለል ነውር ይሆናል። ነገር ግን ነርሷና ፋርማሲስቱ ባንድ በሽተኛ ላይ የሚወያዩበት አንድ ሰዓት እንኳ በሥርዐተ ትምህርቱ አልተመደበም ነበር።

ሕጉም በዚያው መንገድ ሄደ። በ1964 የወጣው የፋርማሲ ደንብ፣ ቁጥር 288፣ በ1999 የመድኃኒት አስተዳደርና ቁጥጥር ዐዋጅ ቁጥር 176 እስኪወጣ ድረስ ለ35 ዓመት የሙያው መሠረት ሆኖ ኖረ። የዚህ ዓይነት ሕግ ትኩረቱ በቤቱ ላይ ነው፤ ፈቃዱ፣ መደርደሪያው፣ ቁልፉ፣ መርዛም መድኃኒት የሚቀመጥበት ሣጥን። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ የተስፋፉት የከነማ መድኃኒት ቤቶችም ስማቸው «ከተማ ነዋሪዎች ማኅበር» ከሚለው ያጠረ ነው፤ ሕዝብ በርካሽ እንዲያገኝ ታስቦ ስለ ተቋቋሙ ሰልፋቸው ረጅም ሆነ። ባለ ረጅም ሰልፍ መስኮት ላይ ደግሞ ምክር አይረዝምም። ከ1991 በኋላ የግል መድኃኒት ቤት በየመንገዱ ሲበዛ ሰልፉ አጠረ፤ ውይይቱ ግን አልረዘመም።

በሌላው ዓለም ይህ ጥያቄ የተነሣው ከአረጋውያን መጦሪያ ቤቶች ነው። አሜሪካ ውስጥ ሽማግሌዎችን በነርስ የሚያስጠብቁ ቤቶች በበዙ ጊዜ፣ ፋርማሲስቱ መድኃኒት አቅርቦ ከመመለስ አልፎ አማካሪ መሆን አለበት የሚል ሐሳብ መጣ፤ ለዚህም ብዙ የደከመው ጆርጅ አርሻምቦ የተባለ ሰው ነው። በ1974 የአሜሪካ መንግሥት በእነዚህ ቤቶች የያንዳንዱን ነዋሪ መድኃኒት በየወሩ ፋርማሲስት እንዲመረምር አስገደደ። በ1991 ማርክ ቢርስ የሚባል የአረጋውያን ሐኪምና ጓደኞቹ፣ በመጦሪያ ቤት ለሚኖር ሽማግሌ ባይሰጡ የሚሻሉ መድኃኒቶችን ዝርዝር አወጡ። ዝርዝሩ እስከ ዛሬ እየታደሰ በስሙ ይጠራል። ባገራችን ለስኳር ሕመም በሰፊው ሲታዘዝ የኖረው ግሊቤንክላማይድ፣ የሽማግሌን ደም ስኳር ከልክ በታች አውርዶ የሚጥል ስለ ሆነ፣ በዘመናችን ዝርዝር ውስጥ ገብቷል።

ሕግ መውጣቱ ብቻ ነገሩን እንዳልፈታው የሚያሳይ ጥናት በ2009 በእንግሊዝ ታትሟል። በ55 የአረጋውያን ቤቶች የሚኖሩ 256 ሰዎች ተመረመሩ። እያንዳንዳቸው በአማካይ 8 ዓይነት መድኃኒት ይወስዱ ነበር፤ ከመካከላቸውም 178ቱ፣ ማለት ከመቶ 69 ተኩል ያህሉ፣ ቢያንስ አንድ የመድኃኒት ስሕተት ተገኘባቸው። ስሕተቱም አንድ ቦታ የተሠራ አልነበረም፤ አንዱ ሲታዘዝ፣ አንዱ ሲታደል፣ አንዱ በአስታማሚዋ እጅ ሲሰጥ፣ አንዱም ክትትል ሲጓደል የመጣ ነው። ሀብታም አገር፣ ነርስ ያለበት ቤት፣ የታተመ የመድኃኒት መዝገብ እያለ ይህ ከሆነ፣ መዝገቧ ፌስታል ብቻ የሆነች አሮጊት ምን ያህል እንደምትጋለጥ አንባቢ ያስበው።

ባገራችን ለውጡ የመጣው በ2008 ነው። በዚያ ዓመት የፋርማሲ ትምህርት ወደ አምስት ዓመት ከፍ ብሎ፣ ከመድኃኒቱ ይልቅ ሕመምተኛውን መነሻ እንዲያደርግ ተደረገ፤ ተማሪውም የመጨረሻውን ዓመት በሆስፒታል ክፍሎች ውስጥ ከሐኪሞችና ከነርሶች ጋር እንዲያሳልፍ ታዘዘ። በ2009 የጅማ ዩኒቨርሲቲ በክሊኒካል ፋርማሲ የማስተርስ ትምህርት ከፈተ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲም ዛሬ ከነርስና ከጤና መኮንን ጎን ፋርማሲስት ያስመርቃል፤ በ1954 የጎደለው አራተኛው ሰው ዘግይቶም ቢሆን ወደ ግቢው ገብቷል። በ2011 ደግሞ በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የመድኃኒትን ገቢና ወጪ ለኦዲት ግልጽ የሚያደርግ አሠራር ተጀምሮ ወደ ሌሎች ሆስፒታሎች ተዛመተ። ማሻሻያው በደረሰኝ መጀመሩ ያስቃል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን አልነቅፈውም። መደርደሪያው ባዶ በሆነበት ቤት መካሪ ምን ያደርጋል?

የሆነ ሆኖ ፋርማሲስቱ ከመስኮቱ ወጥቶ የደረሰው እስከ ትልልቅ ሆስፒታሎች አልጋ ድረስ ነው። ሽማግሌዎቻችን ግን በአብዛኛው በሆስፒታል አይደሉም። ጧሪ ያላቸው በልጆቻቸው ቤት ናቸው፤ ጧሪ ያጡት ደግሞ ከ1973 ጀምሮ ባገራችን የሚሠሩት የማዘር ቴሬዛ እኅቶች ያሏቸውን የመሳሰሉ ቤቶች ያስጠጓቸዋል፤ ወይም አቶ ቢኒያም በለጠ በ2010 እንደ መሠረቱት እንደ መቄዶንያ ባሉ ማዕከሎች ይኖራሉ። መቄዶንያ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን በሺሕ የሚቆጠሩ ሆነው ባንድነት የሚረዳ ነው። የአእምሮ መድኃኒት፣ የግፊት መድኃኒት፣ የስኳር መድኃኒት ባንድ ጣራ ሥር የሚገናኙበት ቤት ከማንኛውም ቤት ይልቅ የመድኃኒት መርማሪ ጓድ ያስፈልገዋል ብዬ አምናለሁ።

በየቤቱ ላሉትስ? ከ2009 ወዲህ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በየደጃፉ ይዞራሉ፤ በኋላም በአዲስ አበባ የቤተሰብ ጤና ቡድን ተቋቁሞ የጤና መኮንንና ነርስ ሳይቀሩ አቅመ ደካሞችን በቤታቸው ይጎበኛሉ። እኛም ቤት መጥተዋል። ግፊት ለኩ፣ እግር አዩ፣ ምክር ሰጡ፤ ደግ ሰዎች ናቸው። ፌስታሉ ግን ከትራሱ ሥር አልወጣም፤ ያልጠየቃቸውን ሰው አያቴ አያሳዩምና። እኔ ባየሁት ጉብኝት ሁሉ ፋርማሲስት አልነበረም፤ የጎንደሩ ጓድ ሥዕል ከነጉድለቱ ላፍቶ ድረስ መጣ ማለት ነው። የቀድሞ ሰዎች ሬዲዮኑን ያለ ሽቦ የሚነጋገር ቢሆንባቸው «ንፋስ ስልክ» አሉት፤ ክፍለ ከተማችንም በዚሁ ስም ይጠራል። ዛሬ በዚሁ ሰፈር በጤና ጣቢያውና በክሊኒኩ መካከል በወረቀት እንኳ የሚሄድ መልእክት የለም።

የአያቴን ፌስታል በመጨረሻ ያየችው ጎረቤታችን ናት። በአዲሱ ሥርዐተ ትምህርት የተመረቀች ፋርማሲስት ስትሆን፣ አንድ ቅዳሜ ቡና ልትጠጣ መጥታ ሳለ እናቴ ለመነቻት። ፌስታሉን በሰፌድ ላይ ገለበጠችው፤ እንደ ምስር ለቀማ በየዓይነቱ ለየችው።

«እማማ፣ የጉልበቱን ማነው ያዘዘልዎት?»

«ማን ያዘዋል ልጄ፣ ገዛሁት እንጂ።»

«ለሐኪሙ ነግረውታል?»

«እኔ የሄድኩት ለግፊቴ ነው፤ ስለ ጉልበቴ ማን ጠየቀኝ?»

ከዚያ የአምስቱን መድኃኒት ስም፣ መጠንና የተሰጠበትን ጊዜ ባንድ ወረቀት ጻፈች፤ ከግርጌውም ዳይክሎፌናኩ ቢቆምና ኩላሊታቸው ቢመረመር መልካም መሆኑን ለጤና መኮንኑ አመለከተች። ሰኞ ዕለት እናቴ ወረቀቱን ይዛ ከአያቴ ጋር ሄደች። ጤና መኮንኑ ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ሳይከፋውም ተቀበለው። ዳይክሎፌናኩ ቀርቶ ፓራሲታሞል ተሰጣቸው፤ ደማቸው ተመረመረ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግፊቱ ወረደ፤ የአምሎዲፒኑ መጠን ተቀነሰ፤ ቃጠሎው ስለ ተወ ኦሜፕራዞሉም ቆመ። አያቴ ጉልበታቸውን አሁንም ያማቸዋል፤ ፓራሲታሞሉን «ውኃ ነው» ይሉታል።

ጤና መኮንኑ ለውጡን በካርዳቸው ላይ ሲመዘግብ የጎረቤታችንን ስም የሚያሰፍርበት ቦታ ፈልጎ ነበር። ካርዱ ላይ ያለው ቦታ የመርማሪውና የነርሷ ብቻ ነው። ስሟን በኅዳጉ ላይ፣ በትንንሽ ፊደል፣ ወደ ጎን ጻፈው።